ድምፅና ዘመኑ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ አባቶቻችን መጽሐፍ ጽፈው ሲፈጽሙ ብዙ ጊዜ ዓመተ ዓለሙን፥ ዓመተ ምሕረቱን፥ የወንጌላዊውንም ስም ይመዘግቡ ነበር፤ የሚመጣው ትውልድ በዘመን እንዳይሳሳት ነው።

የደሴ ስም፥ እንደሚነገረው፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ሰፍረው ሳሉ ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር የተያያዘ ነው። ያን ዘመን ፈረንጆች 1882 ይሉታል፤ እኛ 1875 ዓመተ ምሕረት እንለዋለን። ኮከቡ አንድ፥ ቍጥሩ ግን ሁለት ነው።

ዛሬም በደሴና በኮምቦልቻ የሊቃውንት ቃል በድምፅ ሲቀረጽ ይህ ጥንቃቄ ይገባል። በመለያው ላይ «ጥር 10 ቀን 3 ሰዓት» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፥ ከጧቱ ነውን ወይስ ከምሽቱ? ከምሽቱ ከሆነ፥ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዋዜማው ስለ ገባ ሌሊቱ የጥምቀት የጥር 11 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ግን ቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት አይለወጥም።

ስለዚህ የዘመኑን አቆጣጠር፥ ጧት ወይም ምሽት መሆኑን፥ የዋለበትንም በዓል አብረን እንጻፍ። የተናገሩት አባት ካረፉ በኋላ ማንን እንጠይቃለን? ድምፃቸው ይቀራል፤ ዘመኑን የሚመሰክርለት ግን እኛ የጻፍነው ብቻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።