ጨዋታን በራዲዮ የሚያስተላልፍ ሰው በምን ይመዘናል?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ያዩትን ነገር ላየ ሰው ማውራት ቀላል ነው፤ ያዩትን ነገር ላላየ ሰው እንዳየው አድርጎ መንገር ግን ከባድ ሞያ ነው። ስለ ስፖርት አስተላላፊዎች ወሬ በተነሣ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱና በየቡና ቤቱ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «ድምፁ ያምራል» ወይም «ድምፁ አያምርም» ከማለት አያልፍም። ይህ ፍርድ ጐደሎ ነው። ፈራጁ ብዙውን ጊዜ በስታዲየም ተቀምጦ፣ ወይም በቴሌቪዥን ፊት ሆኖ ጨዋታውን በዓይኑ እያየ የሚሰማ ከተሜ ስለ ሆነ፣ አስተላላፊው የጐደለውን ሁሉ ዓይኑ ይሞላለታል። ትክክለኛው ዳኛ ሜዳውን ጨርሶ የማያየው ሰው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዳኛ ለማግኘት ከአዲስ አበባ ርቀን እስከ ፎገራ ድረስ በሐሳብ እንሂድ። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የሚባሉ ወንዞች የሚያጠጡት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከጥንት ጀምሮ በላሞቹ ዘር የታወቀ ሲሆን ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሩዝ እርሻው ስሙ ይጠራል። ዋና ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያወጣው ጐዳና ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ ትገኛለች። በዚህ አገር ሩዙን እያረመ ትንሽ ራዲዮ በማሳው ዳር ያስቀመጠ ገበሬ፣ በሱቁ ውስጥ ሆኖ የሚያዳምጥ ነጋዴ፣ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። የአዲስ አበባን ስታዲየም ያላየ ሰው በጨዋታው ጊዜ ያለው ዓይን አስተላላፊው ብቻ ነው። እንግዲህ የአስተላላፊው ሚዛን መያዝ ያለበት በዚህ ሰው እጅ ነው።

አገራችን ራዲዮን ከማወቋ በፊትም ወሬን ለሩቅ ሰው የማድረስ ሞያ ነበራት። አንዱ ባለሞያ አዋጅ ነጋሪው ነው። ነጋሪት አስጐስሞ፣ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ አዝዞ፣ የታዘዘውን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገራል። ሁለተኛው ፎካሪው ነው። እርሱ ደግሞ የሆነውን ነገር በስሜት አግሎ፣ የተቀመጠውን አስነሥቶ፣ የደከመውን ያበረታል። በገና ጨዋታም እሩሯን ተከትለው የሚጫወቱት ወጣቶች አሸናፊውን በግጥም ሲያወድሱ፣ ተሸናፊውን ሲነቅፉ፣ ጌታ ቢነካ እንኳ እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድድ ነበር። የራዲዮ አስተላላፊ የእነዚህ የሁለቱም ወራሽ ነው። ከአዋጅ ነጋሪው ታማኝነትን፣ ከፎካሪው ሙቀትን ወርሷል። የሞያው ችግር ሁለቱን በየጊዜያቸው ማስቀመጥ ላይ ነው። ሁልጊዜ አዋጅ ነጋሪ የሆነ አስተላላፊ ያሰለቻል፤ ሁልጊዜ ፎካሪ የሆነ ግን ያሳስታል።

ቦታን የማስታወቅ ችግር ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የቢቢሲ ራዲዮ በጥር 1919 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1927) የአርሴናልንና የሼፊልድ ዩናይትድን ጨዋታ ባስተላለፈ ጊዜ፣ የሜዳው ሥዕል ቁጥር ባላቸው አራት ማዕዘኖች ተከፍሎ በራዲዮ መጽሔት ላይ ታትሞ ነበር። አንዱ ሰው ጨዋታውን ሲናገር ሌላው ኳሷ ያለችበትን ቁጥር ይጠራል፤ አድማጩም ጣቱን በወረቀቱ ላይ እያንቀሳቀሰ ይከተላል። የወረታው አድማጭ ይህ ወረቀት የለውም። ስለዚህ አስተላላፊው ገና ከመጀመሪያው የትኛው ቡድን ከየት ወደ የት እንደሚያጠቃ፣ ማን ምን ዓይነት መለያ እንደ ለበሰ ነግሮ ሜዳውን በአድማጩ ልብ ውስጥ መሣል አለበት። «ኳሷ በካታንጋ በኩል ሄደች» ቢል ለአዲስ አበባ ሰው ይበቃል፤ ካታንጋም፣ ሚስማር ተራም፣ ጥላ ፎቅም የስታዲየሙ መቀመጫዎች ስሞች መሆናቸውን ያውቃልና። ለፎገራ ሰው ግን አስቀድሞ ካልተገለጸለት ባዶ ቃል ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ስምና ውጤት ነው። ለዚህ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ እንመልከት። ኢትዮጵያ የገጠመችው የዚያን ጊዜውን የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት የግብፅን ቡድን ነበር። ግብፆች ቀድመው አገቡ፤ ከዕረፍት በኋላ የእኛ ቡድን አቻ ሆነ። ነገር ግን የሕዝቡ ደስታ ሳይበርድ ግብፆች ወዲያው ሁለተኛውን ግብ አስቈጠሩ። የእኛ ቡድን ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እንደ ገና አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጨዋታ በጆሮ ብቻ የሚከታተለውን ሰው ያስቡ። የመጀመሪያው አቻ ግብ ሲገባ አስተላላፊው በደስታው ብዛት ዓይኑን ከሜዳው ቢያነሣ ኖሮ ሁለተኛው የግብፅ ግብ ያመልጠው ነበር፤ አድማጩም የሕዝብ ጩኸት እየሰማ ማን እየመራ እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቀር ነበር። ከዚህም በላይ በዚያ ቡድን ውስጥ አምበሉ ሉቺያኖና ታናሹ ኢታሎ፣ ሁለት የቫሳሎ ወንድማማቾች ነበሩ። «ቫሳሎ መታ» ማለት ዓይን ላለው ይበቃል፤ ለሩቅ አድማጭ ግን የመጀመሪያው ስም ካልተጠራ ግቡ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

በዚያ ዘመን የስፖርትን ዜና ሞያ ካደረጉት ቀደምት ሰዎች መካከል ሰለሞን ተሰማና ፍቅሩ ኪዳኔ በክብር ይታወሳሉ። ከባዱ ሥራ መናገር ብቻ አልነበረም፤ የሚናገሩበትን ቃል ማደላደልም ነበር። ዛሬ ሕፃን የሚጠራቸው «ግብ ጠባቂ»፣ «የማዕዘን ምት»፣ «ፍጹም ቅጣት ምት»፣ «ተከላካይ»፣ «አጥቂ» የሚባሉት ቃላት በሕዝብ አፍ የተለመዱት በጋዜጣና በራዲዮ ብዙ ጊዜ እየተደጋገሙ ነው። አስተላላፊ ሳያውቀውም ቢሆን የቋንቋ አስተማሪ ነው፤ ስለዚህ አማርኛውም ሊመዘን ይገባል።

ሦስተኛው መመዘኛ ትዕግሥት ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ምሩፅ ይፍጠር የ10,000 ሜትሩን ሩጫ ሲያሸንፍ ኀይሉን ያወጣው ከመጨረሻው ዙር ገብቶ ነው፤ «ማርሽ ቀያሪው» የተባለውም በዚሁ አሯሯጡ ነው። ይህ ሩጫ 25 ዙር አለው። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የሚጮኽ አስተላላፊ ማርሹ በሚቀየርበት ጊዜ የሚጨምረው ድምፅ አይኖረውም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በሴኮንድ 9 መቶኛ ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ብልህ አስተላላፊ ያየውን ተናግሮ ያላረጋገጠውን ያቆያል፤ ችኩል ግን ምኞቱን እንደ ውጤት ያውጃል።

ሙቀት ግን አይናቅም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ በፍጹም ቅጣት ምት በወሰደች ጊዜ፣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በብዙ ሰው ጆሮ ቀርቷል። የፍጹም ቅጣት ምት ቦታው የታወቀ ነው፤ የሚያስፈልገው የመቺው ስም፣ ከዚያም ዝምታ፣ ከዚያም ውጤቱ ነው። የፎካሪው ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ነገሩ እውነት ሆኖ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ ደስታ ማንንም አያሳስትም።

ዛሬ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በዝተዋል፤ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም ከባሕር ዳር ያሰራጫል። ስለዚህ የወረታ ሰው አስተላላፊን አማርጦ የሚሰማበት ዘመን ነው። ሆኖም በየጣቢያው ሰፊው ሰዓት የሚውለው ስለ እንግሊዝ ክለቦች በመተንተን ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የአርሴናልን ተጫዋች ከነልማዱ የሚያውቅ አስተላላፊ፣ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አሸናፊ የሆነውን የጎንደሩን ፋሲል ከነማን ተጫዋቾች ስም ከወረቀት እያነበበ የሚደናቀፍ ከሆነ ሞያውን ገና አልጀመረም። የእንግሊዙን ጨዋታ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ሞልቷል፤ የአገር ቤቱን ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የአስተላላፊው ቃል ብቻ ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ እውነት ነው። የራሳችን ቡድን ሲሸነፍ «ዳኛው በደለን» እያለ፣ የባላጋራን መልካም ጨዋታ እየሸሸገ የሚናገር አስተላላፊ ለጊዜው ይወደድ ይሆናል። ነገር ግን ያው አድማጭ ማታ ውጤቱን ከሌላ ምንጭ ይሰማል፤ ያን ጊዜ የሚጐድለው የአንድ ሰው ስም ብቻ ሳይሆን የራዲዮው መታመን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ እንደ ተፈናቀለ ይታወሳል። «ወንዙ ሊሞላ ነው፤ ከብታችሁን አውጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚመጣው እሑድ ጨዋታውን ባስተላለፈው በዚያው ራዲዮ ነው። እሑድ በኳስ ነገር የተዋሸ ገበሬ ሰኞ በውሃ ነገር እንዴት ያምናል?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው ጨዋታ አስተላላፊውን ለመመዘን ሲፈልጉ ዓይንዎን ጨፍነው ለጥቂት ጊዜ የፎገራ ሰው ይሁኑ። ኳሷ የት እንዳለች፣ በማን እግር እንዳለች፣ ውጤቱ ስንት እንደ ሆነና ስንት ደቂቃ እንደ ቀረ ካወቁ አስተላላፊው ባለሞያ ነው፤ ያመስግኑት። የሰሙት ጩኸት ብቻ ከሆነ ግን፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገና መማር የሚገባው ሰው መሆኑን ይፍረዱ።