በእሳት መካከል የተሰጠ ሰላምታ

የጦር ጀግንነት ብዙ ጊዜ በተያዘው ምሽግና በወደቀው ጠላት ብዛት ይለካል። ነገር ግን የታሰበለት ሳይፈጸም ቀርቶ ከተፈጸመው ይልቅ የሚከብር ሥራ አለ። የአንድሪው ሚናርስኪ ሥራ ከዚህ ወገን ነው።

ሚናርስኪ ከፖላንድ ፈልሰው በካናዳ ከተቀመጡ ወላጆች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1916 በዊኒፔግ ከተማ ተወለደ። ዕድሜው 16 ዓመት ሲሆን አባቱ ስለ ሞቱበት፥ ቤተ ሰቡን ለመርዳት በቆዳ ሥራ ተቀጠረ። በ1941 በካናዳ ንጉሣዊ አየር ኃይል ገብቶ በቦምብ ጣይ አይሮፕላን ላይ የመትረየስ ተኳሽ ሆነ።

የተባበሩት መንግሥታት ጦር በኖርማንዲ ጠረፍ በወረደ በስድስተኛው ቀን፥ ጁን 12 ቀን 1944፥ ላንካስተር የተባለው አይሮፕላን ሰባት ሰዎች ይዞ ከእንግሊዝ አገር ተነሣ። የታዘዘውም በፈረንሳይ አገር የካምብሬን የባቡር ጣቢያ እንዲደበድብ ነበር። በሌሊት የጀርመን ተዋጊ አይሮፕላን ደርሶ መታው፤ በግራ ክንፉ ያሉት ሁለቱ ሞተሮች ቆሙ፤ እሳትም ተነሣ። አዛዡም ሁሉም በጃንጥላ እንዲወርዱ አዘዘ።

ሚናርስኪ ወደ መውጫው በር ሲደርስ፥ የጅራቱ ተኳሽ ፓት ብሮፊ በመትረየሱ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት አየ። ክፍሉን የሚያዞረው ኃይል ከሞተሮቹ ጋር ቆሞ ነበርና መውጫ አልነበረውም። ሚናርስኪ በሩን ትቶ በነበልባሉ መካከል እየዳኸ ሄደ። በመጥረቢያ ቢመታ፥ በእጁም ቢታገል አልሆነለትም፤ ልብሱና ጃንጥላው ተያያዙ። ብሮፊም ራሱን እንዲያድን በእጁ አመለከተው። እርሱም ፊቱን ከባልንጀራው ሳይመልስ የኋሊት እየዳኸ ተመለሰ፤ ከበሩ ሲደርስ፥ ልብሱ እየነደደ፥ ቀጥ ብሎ ቆመና የወታደር ሰላምታ ሰጥቶ ዘለለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከሰው አሳብ የራቀ ነው። ሞቱ የተቈረጠ የመሰለው ብሮፊ፥ አይሮፕላኑ ከምድር በተጋጨ ጊዜ ከክፍሉ ተወርውሮ ወጥቶ ዳነ። የቀሩት አምስቱም ተረፉ። አስቀድሞ መዝለል ይችል የነበረው ሚናርስኪ ብቻ በቃጠሎው ቁስል በ27 ዓመቱ ሞተ፤ በፈረንሳይም በሜአሪኩር መንደር ተቀበረ።

በጥቅም ብቻ የሚመዝን ሰው «ደከመ እንጂ ምን ረዳ?» ይል ይሆናል። በእርግጥም ብሮፊን ያወጣው የሚናርስኪ መጥረቢያ አይደለም። ነገር ግን ሚናርስኪ ወደ እሳቱ በገባ ጊዜ ፍጻሜውን አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው ባልንጀራው በውስጡ መቅረቱን ነው። ሰውም የሚመዘነው በሚያውቀው ላይ ባደረገው ነው።

ይህን ሥራ ያየ ከብሮፊ በቀር ሌላ ዓይን አልነበረም። እርሱ ሞቶ ቢሆን ነገሩ ከአይሮፕላኑ ጋር ዐመድ በሆነ ነበር። ተርፎ ስለ መሰከረ ግን በ1946 የቪክቶሪያ መስቀል የተባለው ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ለሟቹ ተሰጠ።

ሚናርስኪ ብሮፊን ከእሳት ሊያወጣ ሄዶ አልቻለም፤ ብሮፊ ግን የሚናርስኪን ስም ከእሳት አወጣ።