የማዳበሪያው ነጋዴና ባለመሬቱ

አንድ ፈረንሳዊ ገበሬ በኪራይ ለሚያርሰው መሬት ቡዲዬ ከተባሉ ነጋዴዎች ማዳበሪያ በዱቤ ወሰደ። ኪራዩን መክፈል ስላቃተው ውሉ ፈረሰ። ባለመሬቱ ፓቱሮ ሚራን ማሳውን ከነቆመው አዝመራ ተረከበ፤ የአዝመራው ግምትም ለኪራይ ዕዳው ታሰበለት። ገበሬው እጁ ባዶ ነውና እሱን መክሰስ ትርፍ አልነበረውም። ነጋዴዎቹ ምንም ውል ያልተዋዋሉትን ባለመሬት ከሰሱ።

በ1796 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1804) የወጣው የናፖሊዮን ፍትሐ ብሔር ሕግ ያላግባብ መበልጸግን የሚመለከት ጠቅላላ ደንብ አልነበረውም። በስሕተት የተከፈለን ስለማስመለስና ሳይወከሉ የሌላን ሰው ጉዳይ ስለመምራት ከመደንገግ አላለፈም። የፓሪሱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በሰኔ 1884 የባለመሬቱን አቤቱታ ውድቅ አድርጎ ለነጋዴዎቹ ፈረደ፤ መሠረቱም በሌላው ኪሳራ መክበርን ርትዕ አይፈቅድም የሚል ነበር። ለዚህ የተጻፈ አንቀጽ አልጠቀሰም፤ አልነበረምና። ፍርድ ቤቱ በሩን አስፍቶ መክፈቱን ያስተዋለው በኋላ ነው፤ ከ1906 ጀምሮ ሌላ የክስ መንገድ ያለው ሰው በዚህ ደንብ እንዳይጠቀም ገደብ አበጀ።

ኢትዮጵያ የሕግ ኮሚሽኗን በ1946 ስታቋቁም የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ የጻፉት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ዳቪድ ግን የአገራቸውን መጽሐፍ አልገለበጡም። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ የጸናው ሕግ በአንቀጽ 2162፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሥራ ወይም ንብረት የተጠቀመ ሰው በተጠቀመበት መጠን እንዲክስ በግልጽ አስቀመጠ። ፈረንሳይ እንዲህ ያለውን ጠቅላላ ደንብ በሕግ መጽሐፏ ያሰፈረችው ከ56 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በጸናው ማሻሻያ ነው። ተማሪው መምህሩን የቀደመበት አንዱ ቦታ ይህ ይመስለኛል።

ሁለቱ ሕጎች የሚለያዩት በካሣው ልክ ነው። በወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ አንድ የእኩል አራሽ 10,000 ብር የሚያወጣ ዩሪያ በዱቤ ወስዶ ስንዴ ዘራ እንበል። ዕዳውን ሳይከፍል አገር ለቆ ሄደ፤ አዝመራው በሙሉ ለመሬቱ ባለይዞታ ቀረ፤ በማዳበሪያው የተጨመረው ምርትም 15,000 ብር አወጣ። የፈረንሳይ ሕግ ከነጋዴው ጉድለትና ከሌላው ጥቅም ትንሹን ስለሚወስድ 10,000 ይፈርዳል። የእኛው አንቀጽ ግን ቃሉ እንዳለ ከተነበበ መለኪያው ጥቅሙ፣ 15,000ው ነው። በ1906 በፈረንሳይ የመጣው ገደብም በአንቀጽ 2162 ቃላት ውስጥ የለም።

ሆኖም ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው «በቂ ምክንያት» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው። ያው በ1952 የወጣው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሐፍ በእርሻ መሬት ኪራይ ክፍሉ ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ተዋውሎ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ወሎ ውስጥ ርስትም ጭሰኝነትም ጎን ለጎን በነበሩበት ዘመን ጭሰኛው ከአራት ቁና ሦስቱን ቢያስረክብ በአንቀጽ 2162 መክሰስ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱ ራሱ የኪራዩ ውል ነውና። ባለመሬቱ መበልጸጉን ማንም አይክድም፤ ሕጉ ግን አስቀድሞ ምክንያት ሰጥቶታል። ፓቱሮ ሚራንም ይህንኑ ክርክር ለዛሬው የፈረንሳይ ችሎት ቢያቀርብ የሚያሸንፍ ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ ያንን የኪራይ ውል ምክንያት የሰረዘው የፍርድ ቤት ትርጓሜ አልነበረም። በየካቲት 1967 የታወጀው፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኛውን ከኪራይም ለባለመሬቱ ካለበት ዕዳም ነጻ አወጣው። ለመሬቱ ካሣ ከለከለ፤ በላዩ ለተሠራ ቋሚ ሥራና ለተንቀሳቃሽ ንብረት ግን ተገቢ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። አዋጁ ባለቤትነቱን ሲሽር እንኳ ድካምና ገንዘብ የፈሰሰበትን ነገር ለይቶ አስቀርቷል።