ኮብላይ የተባለው ሕፃን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄድ ሐሙሲት ላይ ወደ እስቴ የታጠፈ መንገደኛ የሚያገኛት አንበሳሜ፣ ዛሬ የደራ ወረዳ መቀመጫ ሆና የመንግሥት ትምህርት ቤት ደወል የሚሰማባት ከተማ ብትሆንም፣ በዚያ አገር ሕፃን ለብዙ ዘመን ፊደልን የለየው በየደብሩ ዐጸድ ሥር፣ በየኔታ እግር አጠገብ ተቀምጦ ነው። ስለ ትምህርቱ ክብርና ስለ ሊቃውንቱ ብዙ ተጽፏል፤ የሚገባም ነው። እኔ የማነሣው ግን ስሙ በማናቸውም መዝገብ ያልሰፈረውን፣ ሲነጋ ሆዱን የሚያመውን፣ የእናቱን የቀሚስ ዘርፍ ጨብጦ «አልሄድም» የሚለውን ሕፃን ነው።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሕፃኑ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁን ይቈጥራል፣ አ ቡ ጊ ዳን ያስከትላል፣ መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይወጣዋል፤ 150ውን መዝሙረ ዳዊት በደገመ ጊዜም ቤተ ሰቡ ደስታውን በድግስ ይገልጻል። ከዚያ ወዲያ ለቅኔና ለዜማ ከቤቱ ርቆ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ይጠብቀዋል። ይህን መሸከም ያልቻለው ይጠፋል፤ የጠፋውም ሁሉ «ኮብላይ» ይባላል። ዋና ሊዋኝ ወንዝ የወረደው አመፀኛም፣ ፍርሃት ልሳኑን የዘጋበት ምስኪንም በዚህ በአንድ ቃል በመጠራታቸው ቅጣታቸው አንድ ሆነ፤ አለንጋ፣ ደጋግሞ ለኮበለለውም እግር ብረት። ከጅራፉ ይልቅ የጐዳን ይህ የስም ጉድለት ይመስለኛል።

አብሮኝ ፊደል ይቈጥር የነበረ አንድ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም። ዕድሜው ከመታዘል ያለፈ ሆኖ ሳለ እናቱ እያዘለች ታመጣው ነበርና፣ እግሮቹ ከጉልበቷ በታች ይንጠለጠላሉ፤ ከቅጥሩ በር ሲደርሱ ጣቶቹ ከነጠላዋ አልላቀቅ ስለሚሉ አንድ በአንድ ትፈታቸዋለች። ቤቱ ሆኖ እንደ ውኃ ያንቆረቆረው ፊደል በመምህሩ ፊት ከአፉ አይወጣም፤ የስንደዶው ጫፍ ብቻ በብራናው ላይ ይንቀጠቀጣል። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ወላጆች በልጃቸው ጨክነው አልነበረም። «ዓይነ ጥላ ነው» ሲሏቸው ክታብ አስጻፉ፤ «አእምሮ ይከፍታል» ሲሏቸው አብሾ አጠጡ፤ አብሾ ግን አስተናግር የሚገባበት መድኃኒት በመሆኑ አእምሮውን ያናወጠበት ልጅ አለ። ጠበሉን ግን አልነቅፍም፤ እናት ልጅዋን በእጅዋ ይዛ ማለዳ ወደ ምንጩ የምትወርድበት ሱባዔ፣ ከሌላው በረከት በቀር፣ ሕፃኑ ከአለንጋ ያረፈበት ሰሞን ነበርና።

በባሕር ማዶም ይህን ሕመም ከስንፍና የለዩት ዘግይተው ነው፤ አሜሪካዊቷ ሐኪም አደሌድ ጆንሰንና ባልደረቦቿ «የትምህርት ቤት ፍርሃት» የሚል ስም የሰጡት በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሲተረክ ኖሯል። ገና ሕፃን ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩ በአባ ጌዴዎን የተገረፈውና የኮበለለው ቅዱስ ያሬድ፣ በዛፍ ጥላ ተጠልሎ ሳለ፣ እየወደቀች ደግማ የምትወጣውን ትል አይቶ መመለሱን በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን እንሰማለን። በጣና ምሥራቃዊ ዳር ያለችው ጣና ቂርቆስም ቅዱሱ ተቀምጦባታል የሚል ትውፊት ስላላት ለእኛ ታሪኩ የጎረቤት ታሪክ ነው። ሰባኪዎች ሁልጊዜ የትሏን ትዕግሥት ያነሣሉ። አለንጋው ልጁን ማባረሩን፣ የመለሰውም ጅራፍ በሌለበት ጥላ ሥር ብቻውን ያያት ትል መሆኗን ግን ያነሣ ሰባኪ አልሰማሁም።

የዚያ ልጅ መምህር ወደ ሌላ ደብር ሲሄዱ የተተኩት አረጋዊ መሪጌታ እናቲቱን፣ «እመት፣ እንዝርትሽን ይዘሽ ከዚሁ አጠገቡ ተቀመጪ» አሏት። ተቀመጠች። በሳምንቱ «እስቲ ወደ ዋርካው ፈቀቅ በይ» አሏት፤ ቈይቶም ወደ ቅጥሩ በር፣ ቈይቶም ከበሩ ውጭ። ልጁ ዓይኑን ከብራናው እያነሣ የእንዝርቷን መሽከርከር ያያል፤ መሪጌታውም ዓይኑ እስኪመለስ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ፍቅር ባለበት ፍርሃት እንደማይኖር ከሚናገረው ከመልእክተ ዮሐንስ ምዕራፍ 4 በደረሰ ጊዜ እናቱ በበሩ አልነበረችም፤ ቤትዋ ሆና ጥጥዋን ትፈትል ነበር።