ከቲኬት ደብተር እስከ ወረፋ ሽያጭ

ስለ መደብ ልዩነት ሳስተምር አንዳንዴ የምጠቅሰው የአንድ መዝናኛ መናፈሻ ታሪክ አለ። በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም የሚገኘው ዲዝኒላንድ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት፣ ጎብኚው የመግቢያውን ከፍሎ ከገባ በኋላ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ለብቻው ቲኬት ይቆርጥ ነበር። በዚያው ዓመት የቲኬት ደብተር መጣ፤ መጫወቻዎቹም “ኤ”፣ “ቢ” እና “ሲ” ተብለው በደረጃ ተከፈሉ። በ1956 “ዲ”፣ በ1959 “ኢ” ተጨመሩ። ማተርሆርን ከተባለው ሰው ሠራሽ ተራራ ቁልቁል ለመምዘግዘግ የ“ኢ” ቲኬት ያስፈልግ ነበር፤ ዋጋው 50 የአሜሪካ ሳንቲም።

የደብተሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የ“ኢ” ቲኬቶቹ ጥቂት ስለነበሩ፣ እነርሱን የጨረሰ ሰው ወይ ተጨማሪ ይገዛል፣ ወይም ረጋ ወዳሉት መጫወቻዎች ያመራል፤ ሕዝቡም በግቢው ሁሉ ይበተናል። (የቀበሌን የስኳር ራሽን በልጅነቴ ስላየሁ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።) ብዙ ቤተሰብ ያልተጠቀመባቸውን የ“ኤ” ቲኬቶች ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ደብተሩ በ1982 ቀርቶ አንድ መግቢያ ለሁሉም መጫወቻ ሆነ። ስያሜው ግን አልሞተም፤ ሳሊ ራይድ በ1983 ወደ ጠፈር ስትመጥቅ ጉዞዋን በ“ኢ” ቲኬት መስላዋለች።

በ1999 የመጣው፣ ወረፋ የሚያሳጥረው ፋስትፓስ እንኳ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነበር። በ2021 ግን በእርሱ ምትክ ወረፋ የሚያሳልፍ አገልግሎት በገንዘብ ይሸጥ ጀመር፤ እጅግ ተፈላጊ ለሆኑ መጫወቻዎችም ለየብቻ ይከፈላል። የ“ኢ” ቲኬት ተመለሰ የሚሉ አሉ። አልስማማም። የድሮው ቲኬት የሚሸጠው ጨዋታውን ነበር፤ የአሁኑ የሚሸጠው ሌላው ሰው ቆሞ የሚጠብቀውን ተራ ነው። ከፋዩ ባለፈ ቁጥር፣ መግቢያውን ብቻ መክፈል የቻለው አባት ልጁን እንደያዘ ያን ያህል ይዘገያል።