የሥነ ሥርዓት ትእዛዝን በይግባኝ ለመቃወም የጊዜ ገደብ ካለፈ በኋላ ስለሚቀርብ የማስፈቀጃ ማመልከቻ

በፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን በሕግ በተሰጠው ሌላ አካል ፊት የሚከራከር ባለጉዳይ ከዋናው ውሳኔ በፊት ልዩ ልዩ ትእዛዞች ይደርሱታል። ቀጠሮ ይለወጣል፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ውድቅ ይደረጋል፤ የቆጠረው ምስክር እንዳይሰማ ወይም ያቀረበው ሰነድ እንዳይያያዝ ይታዘዛል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 320 በእንዲህ ያሉ ትእዛዞች ላይ ወዲያውኑ ይግባኝ ማለትን አይፈቅድም። ባለጉዳዩ ቅሬታውን ይዞ ይቆይና የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ከይግባኙ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያቀርበዋል። ሰው እንዲያዝ ወይም እንዲታሰር፣ ንብረት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ የሚሰጥ ትእዛዝ፣ እንዲሁም አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታን የማይቀበል ትእዛዝ ግን ፍርድ ሳይጠበቅ ይግባኝ ይባልባቸዋል።

ስለዚህ ምስክሩ እንዳይሰማ የተደረገበት ሰው ቀኑን መቁጠር የሚጀምረው ከመጨረሻው ፍርድ ነው። በተግባር ብዙ ባለጉዳይ የሚጎዳው ትእዛዙን ለብቻው ለመሻር ሲመላለስ ከቆየ በኋላ ዋናው ፍርድ ሲሰጥ ቀኑን ሳያስተውል በማሳለፉ ነው።

ጊዜው እንደ ጉዳዩ ይለያያል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የይግባኝ ማመልከቻ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ በሚሰጠው ውሳኔ ላይ ያለው ጊዜ 30 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ይግባኙም በሕግ ጥያቄ ላይ ብቻ የተወሰነ ነው። ቦርዱ በፍርድ ቤቶች የማስረጃና የሥነ ሥርዓት ደንቦች አይታሰርም። በመሆኑም «እንደ ፍርድ ቤት አልሠራም» የሚል ቅሬታ ብቻውን አያስኬድም፤ የመሰማት መብት እንደ ተነፈገ ማሳየት ግን የሕግ ጥያቄ ነው። ከግብር ይግባኝ ኮሚሽን ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ይግባኝም በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት 30 ቀን አለው፤ እርሱም በሕግ ጥያቄ ላይ ነው።

ጊዜው ካለፈ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ማመልከቻውን አይቀበልም። ባለጉዳዩ በ10 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማስፈቀጃ ማመልከቻ ማቅረብ እንደሚችል ይነገረዋል። ይህም 10 ቀን ካለፈ ጉዳዩ እጅግ ይከብዳል።

ማስፈቀጃው የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አመልካቹ በጊዜው እንዳይቀርብ ያገደው በቂ ምክንያት አለን? ከባድ ሕመም የሐኪም ማስረጃ ሲቀርብበት ሊታይ ይችላል። «አላወቅሁም ነበር» ወይም «ሥራ በዝቶብኝ» ማለት ግን ደካማ ነው። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፦ መዘግየቱ በጠበቃ፣ በወኪል ወይም በሠራተኛ ጥፋት የመጣ ከሆነ ሕጉ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጥረውም። ጠበቃ የያዘ ባለጉዳይም ቢሆን የማብቂያውን ቀን ራሱ ጽፎ መያዝ ይገባዋል።

በማመልከቻው ላይ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን፣ ጊዜው ያበቃበት ቀን፣ እንቅፋቱ የጀመረበትና የተወገደበት ቀን በየተራ ይገለጻል። በእነዚህ ቀኖች መካከል ያልተብራራ ክፍተት ካለ ማመልከቻውን ያዳክመዋል። ማስረጃ አብሮ ይያያዛል። የፍርድ ግልባጭ የዘገየ እንደሆነ፣ ግልባጩ መቼ በጽሑፍ እንደ ተጠየቀና መቼ እንደ ተሰጠ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ግልባጩን ፍርዱ በተነገረበት ዕለት መጠየቅ ይመከራል። የተቃወሙት ትእዛዝ ግልባጭም ሳይረሳ ከመዝገቡ መውጣት አለበት።

ፈቃድ ማግኘት ይግባኙን ለማቅረብ በር ይከፍታል እንጂ ትእዛዙ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም። ይግባኝ መቅረቡም በራሱ የፍርዱን አፈጻጸም አያግድም፤ ይህን የሚፈልግ ባለጉዳይ የእግድ ጥያቄ ለብቻው ማቅረብ ይኖርበታል።