የጊዜያዊ ሥራዎች አስተባባሪ ሥልጠና

የጊዜያዊ ሥራዎች አስተባባሪ ሥልጠና በግንባታ ቦታ ላይ የሚቆሙ ጊዜያዊ መዋቅሮች ከታቀዱበት ቀን ጀምሮ እስኪነሡ ድረስ በሥርዓት እንዲመሩ ለሚያደርግ ባለሙያ የሚሰጥ አጭር የሙያ ሥልጠና ነው። ሥልጠናው በዋናነት የሚታወቀው በብሪታንያ ሲሆን መሠረቱ ቢኤስ 5975 የተባለው የአገሪቱ ደረጃ ነው። የአስተባባሪው ሚና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኮንክሪት ድጋፎች ተደርምሰው ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ ነው። አስተባባሪው ብዙውን ጊዜ ንድፉን ራሱ አያወጣም፣ መዋቅሩንም በእጁ አያቆምም። ሥራው እያንዳንዱ ጊዜያዊ መዋቅር ንድፍ እንዳለው፣ ንድፉ በሌላ ሰው እንደተመረመረ፣ በንድፉ መሠረት እንደተሠራ፣ ያለ ፈቃድም እንዳልተጫነበትና እንዳልተነሣ ማረጋገጥ ነው።

የጊዜያዊ ሥራ ምንነት

ጊዜያዊ ሥራ ማለት ቋሚውን ግንባታ ለመሥራት የሚያስችል፣ የሚደግፍ፣ የሚጠብቅ ወይም ወደ እርሱ መድረሻ የሚሆን የሥራ ክፍል ነው። ግንባታው ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ይነሣል፤ አንዳንዱ ግን በቦታው ሊቀር ይችላል። ከዋና ዋናዎቹ መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

- መወጣጫ (ስካፎልዲንግ) እና የሥራ መድረክ
- ኮንክሪት የሚፈስስበት ፎርምወርክ እና ከሥሩ የሚቆሙ ድጋፎች
- የቁፋሮ ግድግዳ እንዳይናድ የሚይዙ መደገፊያዎች
- ለክሬንና ለከባድ ማሽን የሚዘጋጅ መሠረትና የተጠቀጠቀ መሬት
- በእድሳት ጊዜ ነባር ግድግዳን ወይም የሕንፃ ፊትን ደግፈው የሚያቆሙ መዋቅሮች
- የግንባታ ቦታ አጥር፣ ጊዜያዊ ድልድይና መንገድ

ጊዜያዊ መዋቅር ከቋሚው በበለጠ ለስሕተት የተጋለጠ ነው። አንዱ ድርጅት ይነድፈዋል፣ ሌላው ዕቃውን ያከራያል፣ ሦስተኛው ያቆመዋል፣ አራተኛው ይጠቀምበታል። ዕቃው ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው። ቋሚ ሕንፃ የታሰበለትን ከፍተኛ ጭነት በዕድሜው ሙሉ ላይሸከም ይችላል፤ የኮንክሪት ድጋፍ ግን ሙሉ ጭነቱን በአንድ ቀን፣ ያውም ሰዎች በላዩና በአጠገቡ እየሠሩ ይቀበላል።

ለምሳሌ 5 ሜትር በ5 ሜትር የሆነና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ 5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ከነብረቱ 2.5 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 12.5 ቶን ይደርሳል። የፎርምወርኩ፣ የሠራተኞቹና የመሣሪያዎቹ ክብደት ከዚህ በላይ ነው። ድጋፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚመጣውን ክብደት ብቻ መቻሉ አይበቃም። በቢኤስ 5975 መሠረት ንድፉ ቢያንስ ከቋሚው ጭነት 2.5 በመቶ የሚሆን የጎን ግፊትንም መቋቋም አለበት። በምሳሌው ይህ ከኮንክሪቱ ብቻ ወደ 310 ኪሎ ግራም ክብደት የሚመጣጠን የጎን ግፊት ነው። ድጋፎቹን በሰያፍ የሚያያይዙት ማሰሪያዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው፤ «መንገድ ዘጋ» ተብሎ አንዱ ማሰሪያ ሲፈታ መዋቅሩ ይህን አቅም ሊያጣ ይችላል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1972 በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ከተማ አጠገብ፣ በሎደን ወንዝ ላይ ይሠራ የነበረ ድልድይ ኮንክሪት እየፈሰሰበት ሳለ ጊዜያዊ ድጋፉ ተደረመሰ። 3 ሰዎች ሲሞቱ 10 ቆሰሉ። ይህና በዘመኑ የደረሱ ሌሎች መደርመሶች መንግሥት በስቲቨን ብራግ የሚመራ አማካሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁም አደረጉ።

የኮሚቴው የመጨረሻ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ፤ «የብራግ ሪፖርት» በሚል ስም ይታወቃል። ሪፖርቱ የስሌት ጉድለትን ብቻ ሳይሆን የአሠራር ጉድለትንም ተመለከተ። ከምክሮቹ አንዱ በእያንዳንዱ ግንባታ ላይ የድጋፍ ሥራውን ሁሉ የሚያስተባብር አንድ ሰው እንዲሾም ነበር። የዛሬው የጊዜያዊ ሥራዎች አስተባባሪ ከዚህ ምክር የመጣ ነው።

ቢኤስ 5975 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን ያኔ የሚመለከተው የኮንክሪት ድጋፎችን ብቻ ነበር። በ2008 እትም የአሠራር ሥርዓቱ ለሁሉም ዓይነት ጊዜያዊ ሥራዎች እንዲያገለግል ሰፋ። በ2019 እንደገና ተሻሻለ፤ በ2024 ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ክፍል የአመራር ሥርዓትን፣ ሁለተኛው የድጋፎችን ንድፍ የያዘ ሆነ።

በብሪታንያ በሥራ ላይ ያለው የ2015 የግንባታ ንድፍና አመራር ደንብ «አስተባባሪ» የሚለውን ሹመት በስም አያስገድድም። ሆኖም ማንኛውም ጊዜያዊ ድጋፍ ሊመጣበት የሚችለውን ጭነት እንዲችል ሆኖ መነደፍ፣ መቆምና መጠበቅ እንዳለበት ያዝዛል። ሥራ ተቋራጮች ይህን ግዴታ መወጣታቸውን ከሚያሳዩባቸው መንገዶች አንዱ የቢኤስ 5975 ሥርዓትን መከተል ነው።

ለትምህርት የሚጠቀሱ አደጋዎች

ዊሎ አይላንድ፣ አሜሪካ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1978 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ይገነባ በነበረ የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማ ላይ የተያያዘ መወጣጫ ወድቆ 51 ሠራተኞች ሞቱ። መወጣጫው የታሰረው ባለፈው ቀን በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ ነበር። በምርመራው ኮንክሪቱ ቀጣዩን ጭነት ለመሸከም ገና በቂ ጥንካሬ እንዳልነበረው ተረጋገጠ። የአደጋው ትምህርት የኮንክሪት ጥንካሬ በቀን ቆጠራ ሳይሆን በፈተና መታወቅ እንዳለበት ነው።

ኒኮል ሃይዌይ፣ ሲንጋፖር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ለምድር ውስጥ ባቡር የተቆፈረ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ መደገፊያው ከሽፎ ተናደ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። የምርመራ ኮሚቴው የብረት ደጋፊዎቹ መገጣጠሚያ ንድፍ ጉድለት እንደነበረበት፣ ከመደርመሱ በፊት የታዩ ምልክቶችም ተገቢ ምላሽ እንዳላገኙ ገለጸ።

የሥራ ድርሻዎች

ሥልጠናው ሠልጣኙ በቅድሚያ ማን ምን እንደሚሠራ እንዲለይ ያደርጋል።

- ተጠሪ ኃላፊ፦ በድርጅቱ ውስጥ የጊዜያዊ ሥራ አመራር ሥርዓቱን የሚያወጣና የሚጠብቅ የበላይ ሰው ነው።
- የዋናው ተቋራጭ አስተባባሪ፦ ብዙ ተቋራጮች ባሉበት ቦታ የሁሉንም ጊዜያዊ ሥራዎች በአንድነት ይከታተላል።
- አስተባባሪ፦ የአንድን ተቋራጭ ጊዜያዊ ሥራዎች ከንድፍ እስከ ማንሣት ይመራል።
- ተቆጣጣሪ፦ በየቀኑ በቦታው ተገኝቶ አስተባባሪውን የሚያግዝና ለእርሱ የሚያሳውቅ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ፎርማን ወይም የቦታ መሐንዲስ ነው።
- ነዳፊ እና የንድፍ መርማሪ፦ አንዱ ንድፉን ያወጣል፣ ሌላው ይመረምረዋል።

ደረጃው አስተባባሪው ባልረካበት ጊዜ ሥራ የማስቆም ሥልጣን እንዲኖረው ይጠይቃል። የኮንክሪት መኪና በር ላይ ቆሞ፣ የሥራው መርሐ ግብርም ዘግይቶ ሳለ «አይፈስስም» ማለት ስላለበት ይህ ሥልጣን አስቀድሞ በጽሑፍ መሰጠት አለበት።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ምዝገባ። በቦታው የሚኖሩት ጊዜያዊ ሥራዎች ሁሉ በአንድ መዝገብ ይገባሉ። በመዝገቡ ላይ የነዳፊው ማንነት፣ የምርመራው ደረጃ፣ ንድፉ የሚደርስበት ቀንና የፈቃዶቹ ሁኔታ ይታያል።
2. የንድፍ መነሻ ጽሑፍ። አስተባባሪው ለነዳፊው የሚያስፈልገውን መረጃ፣ ማለትም ጭነቱን፣ የአፈሩን ሁኔታ፣ ያሉትን ዕቃዎችና በአካባቢው ያሉ አደጋዎችን አሰባስቦ ያቀርባል።
3. ንድፍ። ነዳፊው ስዕልና ስሌት ያዘጋጃል።
4. ምርመራ። ሌላ ሰው ንድፉን ይመረምራል።
5. ማቆም። ሠራተኞቹ መዋቅሩን በስዕሉ መሠረት ያቆማሉ። በቦታው የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ወደ ነዳፊው መመለስ አለበት።
6. የመጫን ፈቃድ። መዋቅሩ ከስዕሉ ጋር ተነጻጽሮ ትክክል ሲሆን ፈቃድ ይጻፋል፤ ከዚያ በፊት ምንም አይጫንበትም።
7. ክትትል። በአገልግሎት ላይ እያለ፣ በተለይም ከዝናብና ከነፋስ በኋላ ይታያል።
8. የማንሣት ፈቃድ። ቋሚው መዋቅር ራሱን መቻሉ ሲረጋገጥ ብቻ ይሰጣል።

የምርመራ ደረጃዎች

የንድፍ ምርመራ እንደ ሥራው ክብደት ከ0 እስከ 3 በአራት ደረጃ ይከፈላል። ደረጃ 0 አስቀድመው ለተዘጋጁ መደበኛ መፍትሔዎች ነው፤ የሚጣራው መፍትሔው ለቦታው የሚስማማ መሆኑ ነው። ደረጃ 1 ለቀላል ንድፎች ሲሆን መርማሪው ከዚያው የንድፍ ቡድን ሊሆን ይችላል። ደረጃ 2 ውስብስብነት ላላቸው ሥራዎች ነው፤ መርማሪው በንድፉ ሥራ ያልተካፈለ መሆን አለበት። ደረጃ 3 በጣም ውስብስብ ወይም አዲስ ዓይነት ለሆኑ ንድፎች ሲሆን ምርመራው በሌላ ድርጅት ይካሄዳል። ደረጃው የሚወሰነው በመዋቅሩ መጠን ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ሥራ ቢሆንም ቢወድቅ የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ከሆነ ከፍ ያለ ምርመራ ሊያስፈልገው ይችላል።

የሥልጠናው ይዘትና አሰጣጥ

በብሪታንያ በስፋት የሚታወቀው ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የግንባታ ኢንዱስትሪ ሥልጠና ቦርድ ያዘጋጀው ነው። የአስተባባሪው ሥልጠና 2 ቀን፣ የተቆጣጣሪው 1 ቀን ይወስዳል። ሠልጣኙ ሙሉውን ጊዜ መከታተልና በመጨረሻ የሚሰጠውን ፈተና ማለፍ አለበት። የምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ የማደሻ ሥልጠና ይወሰዳል።

ዋና ዋና ርእሶቹ የሕግ ግዴታዎች፣ የቢኤስ 5975 ሥርዓት፣ የሥራ ድርሻዎች፣ የአደጋ ሥጋት አያያዝ፣ የንድፍ መነሻ ጽሑፍ አዘገጃጀት፣ የምርመራ ደረጃዎችና የፈቃድ አሰጣጥ ናቸው። ሥልጠናው ማስተባበርን፣ መተባበርን፣ መነጋገርንና ብቃትን እንደ አራት ምሰሶ ይቆጥራቸዋል።

የሥልጠናው ወሰን

የሁለት ቀን ሥልጠና መሐንዲስ አያደርግም፤ ጊዜያዊ መዋቅር መንደፍንም አያስተምርም። የምስክር ወረቀቱ ሰውየው ሥርዓቱን እንደሚያውቅ እንጂ ለማንኛውም ግንባታ ብቁ እንደሆነ አያረጋግጥም። ብቃት የዕውቀት፣ የልምድና የሥልጠና ድምር ነው። የአነስተኛ መኖሪያ ቤት መወጣጫዎችን ለዓመታት ያስተባበረ ሰው ለጥልቅ ቁፋሮ ብቁ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሹመቱን የሚሰጠው ድርጅት ሰውየውን ከሥራው ጋር አመዛዝኖ በጽሑፍ መሾም ይጠበቅበታል።

የጊዜያዊ ሥራ ሁኔታ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የግንባታ መወጣጫና የሶሌታ ድጋፍ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የቆየው በባሕር ዛፍ አጣና ነው። አጣና ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም ውፍረቱ ከታችና ከላይ አንድ አይደለም፤ ጥንካሬውም እንደ እርጥበቱ፣ እንደ ቋጠሮውና ቀድሞ እንዳገለገለበት ጊዜ ይለያያል። ሁለት አጣና በምስማር ተቀጣጥሎ ሲቆም መገጣጠሚያው ከሁሉ የደከመው ቦታ ይሆናል። በትልልቅ ግንባታዎች የብረት ቱቦና ተስተካካይ የብረት ድጋፍም ይሠራበታል፤ ይሁንና ብረት መጠቀም ብቻውን ንድፍንና ምርመራን አይተካም።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን በአረርቲ ከተማ፣ በግንባታ ላይ በነበረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት መወጣጫ በዓመታዊው ክብረ በዓል ዕለት ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። አደጋው ጊዜያዊ መዋቅር ሠራተኞችን ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የሚገኝን ሰው ሁሉ የሚመለከት መሆኑን ያሳያል። በአስተባባሪ ሥርዓት ውስጥ አንድ መወጣጫ ምን ያህል ሰው እንዲይዝ እንደታሰበ፣ ማን ሊወጣበት እንደሚችልና ሕዝብ ሲሰበሰብ አካባቢው እንዴት እንደሚከለል አስቀድሞ በጽሑፍ የሚወሰን ጉዳይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ ሠራተኞቹ ስለ ሥራው አደጋ ተገቢ መመሪያ ማግኘታቸውን እንዲያረጋግጥና የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብ ያዝዛል። የጊዜያዊ ሥራዎች አስተባባሪ የሚባል ሹመት ግን በአዋጁ በስም አልተጠቀሰም። ሆኖም መዝገብ መያዝ፣ ንድፍን በሌላ ዓይን ማስመርመር፣ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት በፊርማ መፍቀድና ድጋፍን ያለ ፈቃድ አለማንሣት ውድ መሣሪያ የማይጠይቁ በመሆናቸው በአጣና ለሚሠራ ግንባታም ያገለግላሉ።

ደግሞ ይዩ

- አርማታ
- ስካፎልዲንግ
- ሲቪል ምህንድስና
- የሥራ ደኅንነት
- ባሕር ዛፍ